ከሐረጎ ሥር

ኮምቦልቻ መውጫ፣ ሐረጎ ሥር ነኝ፤
ከዳገቱ ይልቅ ጭሱ ነው የሚያናግረኝ።
ጥቁር ከሆነ ናፍጣ፣ ሰማያዊ ዘይት፣
ነጭ የመጣ እንደሆን፦
ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ፣ እንነጋገርበት።

ሰኞ ማታ እብሬ፣ ዶልፊኑን አስጎትቶ፣
ከባቲ ገበያ ሰውና ፍየል ሞልቶ፣
ዳገቱ ግማሽ ላይ ሞተሩ አፉን ከፍቶ
መጣ።
«ክዳኑን አትንካው! ይብረድ፣ ይተንፍስ፣
ባለፈው አንድ ረዳት ተለብልቧል፣ ፊቱ እስኪላጥ ድረስ።»

የዘይቱን መክደኛ ፈታሁት በጨርቄ፤
ባላየው ይሻለኝ ነበር ከማወቄ፦
አብሽ መስሎ ወጣ፣ ተመትቶ፣ ነጥቶ፣
ውሃና ዘይቱ ባንድ አልጋ ተኝቶ።
ወሎን በመቀላቀል ማንም አይቀድመው፤
ሞተርን ግን፣ ወንድሜ፣ መቀላቀል ነው የገደለው።

«ቀዩን አላየህም?»
«አየሁ እንጂ፣ አየሁ።
ግን ተሳፋሪው ሙሉ፣ ፍየሉ ይጮኻል፣
ያ ጥምዝ ላይ ብቆም ማን ይገፋኛል?
ደሴ ብርድ አይደለች? ስገባ ይበርዳል
ብዬ ነው።»
ከስንቱ ሰማሁት ይኼን!
የደሴ ብርድ ጋቢ ያስገዛል እንጂ ቴስታታ አያድን።

ፈታነው ከዘምዘም ጋር፤ ኮሌጅ ጨርሳ የመጣች፣
ቡሎኑን እንደ ማሽላ ጆንያ ላይ ያሰጣች።
በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መሀል
ጓርኒሲዮኑ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተቆርሷል።
ይኼው ነው። ይኼ ቀጭን፣ ከጥፍር የማይወፍር፣
እሳቱን እሳት ቤት፣ ውሃውን ውሃ ቤት አስቀምጦ የሚያድር፤
ዳኛ ቢሉት ዳኛ፣ አጥር ቢሉት አጥር።

«ስንት ነው?» ይላል እብሬ፣ መሬት መሬት እያየ፤
ዋጋማ እንደ መኪናው ነው፣ እንደ ራሱ የተለያየ።

ቪትዝ ብትሆን ኖሮ፣ ዕቃዋ ከሱቅ ሱቅ ሞልቷል፣
አሥራ ሁለት ሺህ ይዘህ ና፣ ማታ ቁልፍህ ኪስህ ይገባል።
አይሱዙ ወደ አርባ ነው፤ ቴስታታውን ሁለት ሰው ያነሣዋል፤
ሲኖትራክ ስድስት ራስ አለው፣ አንዱ ሲሞት አምስቱ ይቀብሩታል፣
ባለቤቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ «እስቲ ፎቶ ላክ» ይለኛል።
የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር ሲመጣ ዋጋ አይጠየቅም፣
ሦስት ፕሮፎርማ ነው፣ ሦስት ማኅተም፣
እስከዚያ ጎማው ሥር ሣር ይበቅላል፣ ማንም አያፍርም።
የመምህር ደምሌ ላዳ! እሷን በጨለማ እፈታታለሁ፤
አሮጌውን ጓርኒሲዮን የብር ቀለም ቀብቼ መልሼ አስራታለሁ፣
ገንዘብ አልቀበል፤ ልጄን ፊዚክስ አስተምሮልኛል፣ እኩል ነን እላለሁ።

ያንተ ዶልፊን ግን፣ እብሬ፣
ጓርኒሲዮኑ አሥራ አንድ፣ ቶርኖ ቤት ማስላጫ ስድስት፣
የእጄ አሥራ ሁለት፣ ዘይትና ፊልትሮ አምስት፣
ሠላሳ አራት ሺህ።
ቴስታታው ስንጥቅ ካለው ደግሞ… እሱን ነገ እናያለን፤ አታስበው በሌት።

ዝም አለ።
እኔም አልነገርኩትም ያን ሰዓት፣
የሠላሳ አራት ሺው እናት
የመቶ ሃምሳ ብር የቱቦ ማሰሪያ ናት፤
ላልታ፣ ጠብ ጠብ ስትል ከርማ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያት።

ይኼኔ በደጃችን
አንዲት ኤሌክትሪክ መኪና ሐረጎን ወጣች፣
ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት፣ እንደ ድመት አለፈች።
ዘምዘም እስክትታጠፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት፤
እኔ ቁልፌን ያዝኩ። ምን ጭስ ላንብብላት?

ሐሙስ ጠዋት ገጠምነው፤ ከመሀል ወደ ዳር፣
በሦስት ዙር፣ ሳይቸኩሉ፣ በቁጥር፣ በቁጥር፤
እሷ ትቆጥራለች፣ እኔ አጠብቃለሁ።
እብሬ ሃያ ሺህ ሰጠኝ፤ ቀሪውን «በየሰኞው እጥላለሁ»።

«ቀዩ መብራት ቢመጣ?»
«እቆማለሁ።»
«የኋላው ቢጮኽስ?»
«ይጩኻ!»

አስነሣው። ጭሱን አየሁት፤ አየር መሰለ፤
የፍየሉ ጠረን ብቻ እስከ ዛሬ ጋራዡ ውስጥ አለ።